አራት ደቂቃ

ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ ሰባ ኪሎ ሜትር፣
ከመኪናዬ ማሞቂያ ጋር ስከራከር፣
ጥዱን በመብራቴ አንድ በአንድ ስቆጥር፣
ካያኒ እገባለሁ፣ ጨለማው ቀኑን በልቶ፣
ደብተር በብብቴ፣ አፍንጫዬ ቀልቶ።

ሃያ ሁለት ዓመት በረዳት ነርስነት
እጄ ያልነካው የለም፤ ገላ ማጠብ፣ ደም ግፊት፣
አንሶላ መለወጥ ሰው ሳይነቃ በሌሊት፣
ገንፎ በማንኪያ፣ ክኒን በሰዓት።
እጄ ብቻውን ያውቃል፣ ሳይጠይቀኝ ይሄዳል፤
ምላሴ ከኋላው ሮጦ «አይዞህ፣ ያልፋል» ይላል።

አለቃዬ አንድ ጠዋት ወረቀት አመጣች፤
«የአእምሮ ጤና ስልጠና፣ ስድስት ወር ነው» አለች።
«በሃምሳ አንድ ዓመቴ ደብተር ልያዝ?» አልኳት።
ሳቀች። ፈረምኩላት።

መምህሯ ሂልካ ትባላለች፣
የሳል ከረሜላ ኪሷ ውስጥ ታንኮሻኩሻለች፤
ጥንድ ጥንድ አድርጋ ፊት ለፊት አስቀመጠችን፤
«አንዱ ታማሚ ይሁን፣ አንዱ ነርስ» አለችን።
«ታማሚው የሻውን ይበል፣ ካሻውም ምንም አይበል፤
ነርሱ አራት ደቂቃ አይምከር፣ አያባብል፤
እጁ ጭኑ ላይ ይቀመጥ።»

የእኔ ጥንድ ያሎ ነው፣ ሃያ ሦስት ዓመቱ፤
ታማሚ ሊመስለኝ ጎበጠ ከአንገቱ።
ገና በአንደኛዋ ደቂቃ ብድግ!
ውሃ ልቅዳለት፣ መስኮቱን ልዝጋ፣ ወንበሩን ላስጠጋ...
«እንደገና» አለች ሂልካ። አልተቆጣችም።

እንደ ተቀጣች ተማሪ እጆቼ ላይ ተቀመጥኩ።
ሦስተኛዋ ደቂቃ ላይ
ጨዋታው ጨዋታ መሆኑን ተወ፤
ያሎ ስለ እህቱ አወራ፣
ይልቁንም ስሟን ብቻ ደጋገመው።
ሰዓት ያየ ሰው አልነበረም።

ቀጣዩ ትምህርት ከዚህም ይከፋ ነበር፤
ሳይሸፋፍኑ፣ ዓይን እያዩ መናገር፦
«ራስህን ለማጥፋት ታስባለህ?»
አልወጣኝም። ጥርሴ ላይ ቀረ።
በእኛ ቤት አጎቴ የሞተ ጊዜ
«ልቡ ነው» ተባለ። ልብስ ነበር መቼም።
ሆድ ይፍጀው አልን፤
ሆዳችን እኛን ፈጀን።

ታውኖ ክፍል ሰባት ነው። ሰማንያ ስምንት።
ግንድ በወንዝ ሲነዳ ያደገ፣ ሰፊ ትከሻ፣ ጠባብ ቃላት።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይነሳል፣
ቦት ጫማውን ፒጃማው ላይ ያጠልቃል፤
«ግንዱ ተጠላልፏል፣ ቬይኮ ከሥር ነው» ይላል።
ድሮ እኔ፦ «ቬይኮ የለም፣ ወንዙም ተገድቧል፣
ተኛ የኔ ጌታ፣ ጠዋት ይሻልሃል።»
ጫማውን ቁም ሣጥን፣ ክኒኑን አፉ ውስጥ፣
መብራት ማጥፋት፣ መውጣት፣ ወደ ሌላው መሮጥ።

ያን ረቡዕ ሌሊት ግን ወንበር ሳብኩ።
እጄን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት፤
ውሻ «ተኛ» ሲሉት እንደሚያቅማማ
አቅማማ፣ ከዚያ ተኛ።
ማሞቂያው ቋ፣ ቋ አለ።
ውጭ የበረዶ መጥረጊያ መኪናው አለፈ።
ስንት ደቂቃ? እንጃ።

«እጁን ይዤው ነበር» አለ ታውኖ፤ «ጓንቱ እጄ ላይ ቀረ።»

ጓንት። ስልሳ ስድስት ዓመት አንድ እርጥብ ጓንት።
«አይዞህ» ልትል ምላሴ ተነሳች፤ ነከስኳት።
ከዚያ ያን ጥያቄ፣ ጥርሴ ላይ የቀረውን፣
ድምፄ እየተንሸዋረረ፣ ዓይኑን እያየሁ ጠየቅሁት።

ረጅም ጊዜ አየኝ።
«ዛሬስ አይደለም» አለ።
«ነገ ሐሙስ ነው። የአተር ሾርባ አለ።»
ሳቅ ይሁን ሳል አልለየሁትም፤
ትከሻው ግን ተነቀነቀ፣ የእኔም።

ንጋት ላይ ለሐኪሙ ደወልኩ። ለተረኛዋ ነገርኩ።
የሌሊት ቅጹ ሁለት ሣጥን ብቻ አለው፦
ተኝቷል፣ አልተኛም።
ከዳር፣ ነጩ ጠርዝ ላይ፣ ባጠረ እርሳስ ጻፍኩ፦
«ቬይኮ ወንድሙ ነበር። ስለ ጓንቱ ጠይቁት።»

ታውኖ እያንኮራፋ ነበር ስወጣ።
ቦት ጫማውን ከበሩ ሥር አላነሳሁበትም፤
አፍንጫቸውን ወደ ወንዙ አዙረው
ጎን ለጎን ቆመዋል።